ደራሲዎች ላይ የሚያሾፍ ልብ ወለድ፦ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሳቁ ለምን ይጠፋል?

ባለ ረቂቁ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ የሥነ ጽሑፍ ሰፈር ላይ የሚያሾፍ አስቂኝ ልብ ወለድ ላይ ምክር እፈልጋለሁ። እስካሁን 5 ምዕራፍ፣ በኤ5 መጠን 74 ገጽ ሆኗል። ዋናው ገጸ ባሕርይ የግጥም መድበሉን በራሱ ወጪ 1000 ቅጂ ያሳተመ ገጣሚ ነው፤ 940ው አልጋው ሥር ነው ያለው። ታሪኩ ከብሔራዊ ትያትር እስከ አራት ኪሎ ካለው ክልል አይወጣም። የመጽሐፍ ምርቃት አለ፣ የሃያሲዎች ቡና አለ፣ ማተሚያ ቤት አለ፣ የሽልማት ኮሚቴ አለ።

ረቂቁን ያነበቡት 4 ሰዎች አንደኛው ምዕራፍ ላይ ስቀዋል። ሦስተኛው ላይ አራቱም ዝም። ሦስተኛው ምርቃቱ ነው፤ 22 ገጽ፣ 7 ንግግር። ተናጋሪው ሁሉ መጽሐፉን ሳያነብ ያሞግሳል። ከሁሉ የበለጠ የተደከመበት ምዕራፍ ደግሞ እሱ ነው።

ሌላው የገጣሚው ግጥሞች ጉዳይ ነው። መጥፎ መሆን አለባቸው፤ መጥፎ ሲሆኑ ግን ጉድለቱ የገጣሚው ሳይሆን የልብ ወለዱ ደራሲ ይመስላል። ደግሞም ሃያሲው አንድ የታወቀ ሰው መምሰሉ ያሰጋል። ስሙ ተቀይሯል፤ ይበቃል?

ቀይ እስክሪብቶ

ወንድሜ፣ ምርቃቱ ውስጥ ያለው ሰባት ቀልድ ሳይሆን ሰባት ጊዜ የተነገረ አንድ ቀልድ ነው። ተናጋሪው መጽሐፉን እንዳላነበበ አንባቢ በመጀመሪያው ሰውዬ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ይነቃል። ከዚያ በኋላ ሃያ ገጽ ሙሉ የነቃበትን ነገር ትነግረዋለህ፤ እሱም እውነተኛ ምርቃት ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል።

ሦስት ንግግር ይበቃል፣ እያጠረ የሚሄድ። የመጀመሪያው 400 ቃል ያህል ይሁን። ሰውዬው አላነበበም፤ ስለዚህ የወረቀቱን ንጣትና የሽፋኑን ውፍረት ያሞግሳል። ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው፣ 250 ቃል። እሳቸው አንብበዋል፤ ያነበቡት ግን የራሳቸውን መጽሐፍ ነው። ያኔ በስንት ሺህ ቅጂ እንደታተመ፣ ማን ማን እንዳደነቀው ተናግረው በጭብጨባ ይወርዳሉ። ሦስተኛው ከ40 ቃል አይለፍ። መድበሉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው እሱ ብቻ ነው። ማይኩን ተቀብሎ «ገጽ 83 ላይ ያለው ግጥም የኔ ነው» ይልና ይቀመጣል። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ማን ሰምቶት! አራተኛውና አምስተኛው ምዕራፍ መንገድ ያገኙት እዚህ ላይ ነው፦ ገጣሚህ ግጥሙን ሰርቆት እንደሆነ ራሱም አያስታውስም።

በንግግሮቹ መካከል ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት ዕቃ ያስፈልጋል። በሩ አጠገብ ያለው መሸጫ ጠረጴዛ ይሁን። ሲጀመር 60 መጽሐፍ ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ንግግር በኋላ ሻጯ ትቁጠርና ቁጥሩን ብቻ ጻፍ፤ አንዲት ቅጽል አትጨምር። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የተሸጠው 11፣ ከጠረጴዛው የጎደለው 14 ነው። ገጣሚው ስለ 11ዱ ትንፍሽ አይልም። በሦስቱ ሌቦች ግን ሌሊቱን ሙሉ በደስታ ሲገላበጥ ያድራል።

ስለ ዓረፍተ ነገሩም ልበል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ለቀልድ ጸሐፊ እንደ ሎተሪ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን ትኬቱን ቀደን እንጥለዋለን። «ሃያሲው መጽሐፉን የሸጠው በማግስቱ ነበር፤ ከነፊርማው ነበር የሸጠው» ብለህ ስትጽፍ ቀልዱ ሦስተኛው ቃል ላይ ፈሰሰ። እንዲህ አድርገው፦

«ሃያሲው በስጦታ የተበረከተለትን መጽሐፍ በማግስቱ ጠዋት፣ ከነፊርማው፣ ከነመታሰቢያነቱ፣ አንዲት ገጽ ሳያጥፍ፣ ሽፋኑን በመሐረብ ጠርጎ ሸጠው።»

አንባቢው «አነበበው» ወይም «መደርደሪያ ላይ አኖረው» የሚለውን ሲጠብቅ «ሸጠው» ይመጣበታል። «ለአዟሪ» የምትለዋን ቃል ከግሡ ፊት ካስገባሃት አስቀድማ ታወራለች፤ ለሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አቆያት።

የሽልማት ኮሚቴውን በትረካ አትጻፈው። ቃለ ጉባኤ አድርገው፦ ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ፣ ያልተገኙ፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ። ከ5 አባላት 3 ተገኝተዋል። አጀንዳ 1፣ የስብሰባ አበል፣ ሁለት ገጽ ውይይት። አጀንዳ 2፣ አሸናፊውን መምረጥ፣ ሁለት መስመር፣ «በሙሉ ድምፅ ተወስኗል»። ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ፈጽሞ አይቀልድም። አንዴ ከቀለደ ምዕራፉ ሞተ።

ሳድስ

ስለ መጥፎው ግጥም እኔ ልናገር። ምጣኔው (በስንኝ ውስጥ የሚቆጠረው የድምፅ ምት ልክ) ከተሰበረ አንባቢ የሚወቅሰው አንተን ነው። ምጣኔው ልክ ሆኖ ነገሩ ከተሰበረ ግን የሚወቅሰው ገጣሚህን ነው። ስለዚህ ቀለሙን፣ ማለትም እያንዳንዱን የድምፅ ምት፣ እንደ ጥሩ ግጥም ቆጥረህ ሐሳቡን አበላሸው። ለምሳሌ በወል ቤት፣ ማለትም 6 በ6፦

ብዕሬን አነሣሁ፥ ቀለሜን ነከርሁ፤
ጽፌ ጽፌ ጽፌ፥ መጻፍን ጀመርሁ።

ቁጠረው። ብዕ-ሬን-አ-ነ-ሣ-ሁ ስድስት፤ ቀ-ለ-ሜን-ነ-ከር-ሁ ስድስት። ሁለተኛውም መስመር እንደዚያው። (ሳድስ ፊደል ከፊቱ ካለው ጋር ተጣብቆ ሲነበብ ራሱን ችሎ አይቆጠርም፤ «ከር» አንድ የሆነው ለዚህ ነው።) ቤቱም መትቷል። የተበላሸው ሌላ ነው። ቀለም ይነከርበታል እንጂ ቀለም አይነከርም። ሦስት ጊዜ ከጻፈ በኋላ ደግሞ መጻፍ ይጀምራል። ገጣሚው ይህን በዋሽንት ታጅቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነበው አንተ ምንም ማለት አይጠበቅብህም።

ቤት መምታቱ ላይ ብዙ አትድከም። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ስለሚያልቅ «ሁ» በ«ሁ»፣ «ናል» በ«ናል» ማንም ይመታል። ገጣሚህ በዚህ በጣም የሚኮራ ሰው ይሁን። ምት መቀያየር ከፈለግህ ቡሄ በሉ 4 በ4 ነው፣ ሰንጎ መገን 5 በ5። ስለ ሞት የተጻፈ ከባድ ግጥም በቡሄ በሉ ምት ሲነበብ አዳራሹ ሳያስበው እግሩን መምታት ይጀምራል።

በመጽሐፉ ውስጥ በጠቅላላው ከ6 ግጥም አትለፍ፤ እያንዳንዱም ከ4 መስመር አይብለጥ። መጥፎ ግጥም አምስተኛው መስመር ላይ ቀልድነቱ አብቅቶ መጥፎ ግጥም ብቻ ይሆናል። ቀይ እስክሪብቶ ያሉትን ካደረግህ ደግሞ የገጽ 83ቱ ግጥም ጥሩ መሆን አለበት፣ የምር ጥሩ። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር የሌላ ሰው እጅ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ያለበለዚያ ክሱ ክስ አይሆንም።

ሌላም በነጻ ልስጥህ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ገጽ 12 ላይ «ገጣሚው ሰፊ አንባቢ አለው» ብለህ ጻፍና እለፍ። ሁሉም ሰው «ፊ»ን አጥብቆ ያነበዋል። ከሠላሳ ገጽ በኋላ ያ አንባቢ ይገለጣል፦ የልብስ መኪናው ላይ መድበሉን ዘርግቶ የሚያነብ አንድ ልብስ ሰፊ። ማብራሪያ አታክል። ብቻ መጽሐፉ አንድ ቀን በሬዲዮ ይተረካል ብለህ ከሆነ ይህን ቀልድ እርሳው። ተራኪው ወይ ያጠብቀዋል ወይ ያላላዋል፤ ሁለቱን በአንድ አፍ ማለት አይቻልም።

ችሎት ናፋቂ

ለጠያቂው፦ ስም መቀየር ብቻውን አይበቃዎትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 ስም ማጥፋትን ሲገልጽ፣ በሕይወት ያለን ሰው የተጠላ ወይም የተናቀ ማድረግን ብቻ ሳይሆን መሳቂያ ማድረግንም ጨምሮ ነው፤ ይህም ዝናውን፣ የሚጣልበትን እምነት ወይም የወደፊት ኑሮውን አደጋ ላይ ሲጥል። መሳቂያ ማድረግ የእርስዎ ሙያ ስለሆነ ቃሏን ልብ ይበሏት። «ልጎዳው አስቤ አልነበረም» ማለትም ብቻውን መከላከያ አይሆንም። ገጽ 2 ላይ «ገጸ ባሕርያቱ ምናባዊ ናቸው» ብሎ መጻፍ ይለመድ እንጂ፣ አንባቢው ሰውዬውን ካወቀው ዓረፍተ ነገሩ ብዙ አያድንዎትም።

ሰው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በምልክቶቹ ጥምረት ነው። ሃያሲዎ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ሁልጊዜ አንድ ሆቴል አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የሚጽፍበት ዓምድ ሐሙስ ይወጣል እንበል። እያንዳንዱ ብቻውን ማንንም አያሳይም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ መታወቂያ ናቸው። ባርኔጣውን ለሌላ ገጸ ባሕርይ ይስጡ፣ ሐሙስን ያጥፉ፣ ወንበሩን ያቆዩ። ከሁሉ የሚከፋው ሰውዬው በእውነት የሚታወቅበትን ልማድ ወስዶ በእውነት ያልሠራውን ጥፋት መለጠፍ ነው። ጉቦ የሚቀበል ሃያሲ ካለዎት፣ ከማንም ጋር የማይመሳሰል ሰው ያድርጉት።

በዓሉ ግርማ በ1972 ያሳተመውን «ደራሲው» የተባለ ልብ ወለድ ያነበበ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲራክ ሲባል ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን እንደሚያስብ ዛሬም ይነገራል። ሰው መምሰል በራሱ ነውር አይደለም ለማለት ነው። ልዩነቱ ያለው ተመሳሳዩ ሰው ምን ሲያደርግ ታየ በሚለው ላይ ነው።

ለገጽ 83 የሌላ ገጣሚ ሥራ እንዳይወስዱ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለ ስርቆት በሚጽፉት መጽሐፍ ውስጥ ተሰርቆ መገኘት ቀልዱን ከእጅዎ ያወጣዋል።

የቸርችል ዳገት

የሕጉን ለጋሼ ጠበቃ ትቼ፣ ስለ ቦታውና ስለ ዕቃው።

መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን ወስን። «ከብሔራዊ እስከ አራት ኪሎ» የምትለው ክልል ዓመት ሳይታወቅ አይጻፍም። የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ነው፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው ታኅሣሥ 2014፣ ፒያሳ ደግሞ በ2016 በኮሪደር ልማቱ ብዙ ክፍሉ ፈርሷል። ገጣሚህ ፒያሳ ቡና እየጠጣ አብርሆት ልሂድ ካለ፣ ከ2014 እስከ 2016 ባለው ጠባብ ጊዜ ውስጥ ነህ ማለት ነው፤ ያለዚያ የምትጠቅሰው ቤት ቆሞ እንደሆነ አጣራ። የሃያሲዎቹን ክርክር ቶሞካ ካደረግኸው አሳጥረው። እዚያ ቡና የሚጠጣው በቁም ነው፤ አሥር ገጽ ክርክር ወንበር ይፈልጋል። የሚቀመጡበት የሆቴል በረንዳ ፈልግላቸው። ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄም የሚመጣው ሲቀመጡ ነው።

አሁን አልጋው ሥር ያለው 940 ቅጂ። ይህን ቁጥር ጽፈህ ካለፍክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስትመዝነው ግን ቀልድ ይሆናል። መድበሉ 112 ገጽ፣ ኤ5፣ በ80 ግራም ወረቀት የታተመ ከሆነ አንዱ ከነሽፋኑ 155 ግራም ገደማ ነው። 940ው ወደ 145 ኪሎ ይመጣል። 50 በ50 ሲቆለል 19 ቁልል ይሆናል፣ የአንዱ ቁልል ቁመት 31 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። የአልጋው እግር ከዚያ ካጠረ ወይ ከአራቱ እግር ሥር ብሎኬት ይገባል ወይ ገጣሚው መጽሐፉ ላይ ይተኛል። ከብሔራዊ ወደ ፒያሳ በእግሩ 40 ቅጂ ይዞ ሲወጣ ደግሞ 6 ኪሎ ተሸክሞ የቸርችልን ዳገት ነው። እኔ ብሆን ሁለቱንም እጠቀም ነበር።

112 ያልኩት እንዲሁ አይደለም። ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ መጽሐፍ በ16 ብዜት ሲያልቅ ወረቀት አይባክንም። 96 ገጽ 6 ጊዜ 16 ነው፣ ልክክ ይላል። ገጣሚው ግን ኅትመት ሊጀመር ሲል አንድ ገጽ ምስጋና ይጨምራል፣ ለሽልማት ኮሚቴው ሊቀ መንበር። 97 ሆነ። ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻዋን ወረቀት ቆርጦ ካልቀነሰ መጽሐፉ 112 ይገባል፣ መጨረሻው ላይ 15 ባዶ ገጽ ይተርፋል። ሃያሲህ ትንታኔውን ሲጽፍ ከመድበሉ ሁሉ የሚያደንቀው እነዚያን 15 ገጾች ይሁን፣ «የዝምታው ክፍል» ብሎ።

ሌላ ያልተነካ ነገር ፊደሉ ነው። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ቃል ብቻ፣ ሁለቱን ሰ፣ ሁለቱን ጸ፣ ሦስቱን ሀ ስታባዛ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። የምርቃቱ ባነር ታትሞ ሲመጣ ኮሚቴው በአንዷ ፊደል ለሁለት ይከፈላል፤ ባነሩ ሳይሰቀል ፕሮግራሙ ያልቃል። እንዲያ ከሆነ ማረሚያ ሠንጠረዥም ጨምርበት፦ ገጽ፣ መስመር፣ የተሳሳተው፣ የታረመው። ሦስተኛው ተራ ላይ የተሳሳተውና የታረመው ፍጹም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ግማሹ አንባቢ አያየውም፤ አይየው።

ንባብ በአንቱታ

የሁሉም ምክር ጥሩ ነው፤ ተራኪውን ግን ማንም አልነካውም። አማርኛ ሰውን በግሥ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይችላል። ገጣሚው በተራ ቀን «እሱ» ይሁን። መጽሐፉ ከተመረቀበት ደቂቃ ጀምሮ ተራኪው ምንም ሳያስታውቅ «እርሳቸው» ይበል። ዝቅታው ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦

«ገጣሚው ገቡ፤ ወንበር ተሳበላቸው፤ ክትፎ አዘዙ፤ ስለ ሥነ ጽሑፍ ውድቀት ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ፤ ሒሳቡ ሲመጣ ሽንት ቤት ሄደ።»

«ሄዱ» ብትል ተራ ወሬ ነው። በመላው መጽሐፍ ግን ይህን ከአራት ጊዜ በላይ አታድርገው፤ አንባቢ ዘዴውን ካወቀ ግሡን አስቀድሞ ይጠብቅሃል። ስትተይብም ተጠንቀቅ፤ አራሚው «ስሕተት ነው» ብሎ «ሄዱ» አድርጎ ያስተካክልልሃል። ኅዳጉ ላይ «እንዳይነካ» ብለህ ጻፍበት።

ቀይ እስክሪብቶ በቃለ ጉባኤው ላይ ያሉትን እደግፋለሁ፤ በሦስቱ ንግግር ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሁለተኛው ሽማግሌ ቀልድ የተለመደ ነው። ስለ ራሳቸው ከሚያወሩ ይልቅ መድበሉን በእርሳስ እያሰመሩ አንብበው፣ ያሰመሩባቸውን ቃላት ብቻ ያለ ማብራሪያ ያንብቡ፦ «ማዕበል። ሸንኮራ። ወይኔ። ሸንኮራ በድጋሚ።» 250 ቃልም አይፈጅም።

ቀይ እስክሪብቶ

እህቴ፣ ሸንኮራው ይሻላል። የኔን ሽማግሌ ሰርዤአለሁ።

ባለ ረቂቁ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ምርቃቱ ከ22 ገጽ ወደ 9 ሊወርድ ነው፣ ሃያሲውም ባርኔጣውን ለመድረክ መሪው አውልቋል። ዘመኑ 2015 ይሆናል። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል፦ ልብስ ሰፊው ከየት ነው መጽሐፉን ያገኘው? ገጣሚው ከሸጠለት ወይም ከሰጠው «ሰፊ አንባቢ አለው» ሲል ማንን እንደሚል ያውቃል ማለት ነው፤ ቀልዱ የተራኪው ሳይሆን የገጣሚው ይሆናል።

ሳድስ

አይሽጥለት፣ አይስጠውም። ከጠረጴዛው ላይ የጎደሉት ሦስቱ አሉ አይደል? ሰፊው ምርቃቱ ዕለት የሊቀ መንበሩን ሱሪ ሊያደርስ መጥቶ አንዱን ብብቱ ሥር አድርጎ የወጣ ይሁን። ገጣሚው ኮቱን ሊያስጠብብ ሲገባ መድበሉን መኪናው ላይ ተዘርግቶ ያየዋል፤ የተከፈተው ገጽ 83 ላይ ነው፣ በልብስ ጠመኔ ተሰምሮበታል።